ባዜቃ ከመኖ ገንዳ ወደ ማለቢያ፦ መንገዱና መዝጊያው

ወተት የሚገዛ ሰው አዘውትሮ የሚጠይቀው ውኃ እንዳልተጨመረበት ነው፤ ላሚቱ ትናንት ምን በላች ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በድሬዳዋና በሐረር ይህ ጥያቄ ቦታ አለው። እዚህ ላም በግቢ ታስራ ከገበያ በተገዛ ፉርሽካና ፋጉሎ ትቀለባለች፤ ፍየል ጠዋት ትለቀቅና የጫት ገራባውንም፣ ካርቶኑንም፣ ከቆሻሻ መጣያ የወደቀውንም ስትለቅም ውላ ማታ ራሷ ወደ በሯ ትመለሳለች፤ የግመል ወተት ደግሞ ገዢው ግመሏን በዓይኑ ሳያያት ከባቢሌና ከኤረር በኩል በቢጫ ጄሪካን ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ መኖዎች ጋር ሊገባ ከሚችለው መርዝ ስለ አንዱ፣ ስለ ሜርኩሪ ነው፤ በቀድሞው አማርኛ ባዜቃ ስለሚባለው።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር። ወተት ስለ ሜርኩሪ ዘግይቶና አሳንሶ የሚመሰክር ምስክር ነው። መርዙ ወተቱ ውስጥ ጎልቶ በታየ ጊዜ በላሚቱ ኩላሊትና ጉበት፣ ከብዳም ከሆነ በሆዷ ባለው ጥጃ ላይ ብዙ አድርሷል። ስለዚህ ጥበቃው ከማለቢያው ይልቅ በገንዳው ላይ መሆን አለበት፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚያጠነጥነውም በዚሁ ላይ ነው።

መርዙ በላሚቱ ሆድ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ

ሜርኩሪ በሦስት መልክ ይገኛል፤ በሆድ ውስጥ የሚሆነውም እንደ መልኩ ይለያያል። የመጀመሪያው በሙቀት መለኪያና በድሮው የደም ግፊት መለኪያ ውስጥ የምናየው፣ መሬት ሲወድቅ ወደ ደቃቅ እንክብሎች ተበታትኖ የሚንከባለለው ፈሳሽ ብረት ነው። ይህ ቢዋጥ ከሞላ ጎደል እንዳለ ከእበት ጋር ይወጣል። አደጋው በትነቱ ነው፤ ትነቱን የተነፈሰ ሰውም ሆነ እንስሳ አብዛኛውን በሳንባው በኩል ወደ ደሙ ያስገባዋል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ደግሞ ትነቱ ይበረታል። ሁለተኛው ከክሎሪን ወይም ከመሳሰሉት ጋር ተዋሕዶ እንደ ጨው የሆነው ነው። ከዚህ ወደ ደም የሚያልፈው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ያለፈው ግን በኩላሊት ይከማቻል። ሦስተኛውና ክፉው ሜቲል ሜርኩሪ ነው፤ በውኃ ግርጌ ባለ ደለል ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት፣ በዓሣ ሥጋ የሚጠራቀመው፣ ቀድሞም ዘር እንዳይሻግት ለማሻነት ይመረት የነበረው ነው። በሰውና አንድ ጨጓራ ባላቸው እንስሳት ሆድ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያም እስከ አንጎል ይዘልቃል።

የሚያመሰኩ እንስሳት ግን አንድ ጸጋ አላቸው። በትልቁ ጨጓራቸው የሚኖሩት ተሕዋስያን ከሜቲል ሜርኩሪው ከፊሉን ሰባብረው ወደ ሁለተኛው ዓይነት ይለውጡታል፤ በዚያው የሚፈጠረው የድኝ ውሁድ ደግሞ ሜርኩሪውን አስሮ በቀላሉ የማይሟሟ ያደርገዋል፤ በዚህም ብዙው ከእበት ጋር ይወጣል። መርዙ ጠፋ ማለት ግን አይደለም፤ እበቱን ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ያደረገ ሰው መርዙን ከገንዳ ወደ መደብ አዛወረው እንጂ አላስወገደውም።

ወደ ደም ለገባውም ቢሆን ግት በሩን ወለል አድርጎ አይከፍትለትም። ሜቲል ሜርኩሪ በደም ውስጥ በአብዛኛው የሚቀመጠው በቀይ የደም ሕዋሳት ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ተጣብቆ ነው፤ ወተት ደግሞ የሚሠራው በደሙ ፈሳሽ ክፍል ከሚመጣ ንጥረ ነገር ስለሆነ ቀይ ሕዋሳቱ ከነተሸከሙት መርዝ ከግቱ ደጅ ይቀራሉ። በሚታለቡ ላሞች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት ከተበላው ሜርኩሪ ውስጥ በወተት የሚወጣው ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ነው። ወተቱ ውስጥ የገባው ጥቂት ግን ከፕሮቲኑ ጋር ስለሚጣበቅ በማፍላትም፣ በማጥለልም፣ እርጎ በማድረግም አይለቅም። እንዲያውም አይብ የሚያወጣ ሰው ፕሮቲኑን ሲሰበስብ የተጣበቀውንም አብሮ ይሰበስባል።

በቁጥር እንየው። አንዲት ላም በቀን 10 ኪሎግራም ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል፤ መኖው የአውሮፓ ኅብረት ለመኖ ባስቀመጠው ጣሪያ ልክ፣ ማለትም በኪሎግራም 0.1 ሚሊግራም ሜርኩሪ ይዟል። በቀን የምትወስደው 1 ሚሊግራም ወይም 1,000 ማይክሮግራም ይሆናል። አጋንነን ከመቶ አንዱ ወተት ውስጥ ገባ ብንል፣ ላሚቱም 8 ሊትር ብትታለብ፣ በሊትር 1.25 ማይክሮግራም ይደርሳል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን ግማሽ ሊትር ቢጠጣ በሳምንት የሚያገኘው 4.4 ማይክሮግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ለሜቲል ሜርኩሪ ያስቀመጠው ሳምንታዊ ገደብ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ ለዚህ ሕፃን ገደቡ 16 ነው። እንግዲህ ጣሪያውን ባላለፈ መኖ የተገኘ ወተት ከገደቡ ሩቡን ያህል እንጂ አይወስድም። ይህን ያሰላሁት አንባቢው እንዲዘናጋ አይደለም፤ ተራ መኖ በምትበላ ላም ወተት ላይ የሚወራው ሽብር መሠረት እንደሌለው እንዲያውቅ ነው። ነገሩ የሚገለበጠው በመኖው ያለው መጠን በአሥሮች እጥፍ ሲዘል ነው፤ ያ ደግሞ የሚሆንባቸው መንገዶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው።

መርዙ የሚገባባቸው በሮች

ከሁሉ የከፋው መድኃኒት የታሸ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መገባደጃ ለኢራቅ ገበሬዎች የታደለው የዘር ስንዴ በሜቲል ሜርኩሪ ታሽቶ፣ ከሚበላው እንዲለይም ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ በጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ ግን ገበሬው በማያነበው በስፓኝኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ሰዎች ቀለሙን ሲያጥቡት መርዙም የታጠበ መሰላቸው። አንዳንዶቹማ ጠንቃቆች ነበሩ፤ አስቀድመው ለእንስሳት ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠበቁ፤ እንስሳቱ ምንም ስላልሆኑ ስንዴውን አስፈጭተው ጋገሩት። የሜቲል ሜርኩሪ ጠባይ ግን ለሳምንታት ተደብቆ ቆይቶ መገለጥ ነው። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህ 459 ሞቱ። በረት ውስጥ ዘወትር የምንሰማው «ትናንትም ሰጥቻት ምንም አልሆነች» የሚለው ማስረጃ፣ ለዚህ መርዝ ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ሜርኩሪ ያለባቸው ፀረ ተባዮች እ.ኤ.አ. በ2013 በጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ በዋለው የሚናማታ ስምምነት ከሚወገዱት ምርቶች ውስጥ ተቆጥረዋል። አሁን ምርጥ ዘር የሚታሽባቸው ኬሚካሎች ሌሎች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ለከብት የተሠሩ አይደሉም። ደንቡ እንግዲህ አጭር ነው። ሮዝ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሆነ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ስንዴ ለእንስሳ አይሰጥም፤ ታጥቦም፣ ተቆልቶም፣ ከንጹሕ እህል ጋር ተደባልቆም አይሰጥም። ዝናብ ዘግይቶ ዘሩ ሳይዘራ ሲቀርና መኖ ሲወደድ ፈተናው ይጠናል፤ ስለዚህ ከዘር የተረፈውን ከመኖው ጋር በአንድ ክፍል አለማስቀመጥ፣ ባዶ የዘር ከረጢቱንም ለፉርሽካ መያዣ አለማድረግ ያሻል።

ሁለተኛው በር ከጣሪያ ነው። በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ሦስት ላሞች ያሏቸው አንዲት እናት ከገንዳው በላይ ረጅም ነጭ አምፖል ሰቅለው ነበር። ጠዋት ስደርስ ገንዳው ውስጥ ባለው ፉርሽካ ላይ ከፉርሽካው ይልቅ የነጣ ስስ አቧራ አየሁ። «እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ስላቸው፣ «ማታ አምፖሉ ፈነዳ፤ ስብርባሪውን አንድ ሳላስቀር ለቅሜዋለሁ፤ ምላሳቸውን እንዳይቆርጠው ብዬ» አሉኝ። ምላሱን ማሰባቸው ትክክል ነበር፤ ነጩ ብናኝ ግን የአምፖሉ የውስጥ ቅባት ነው፤ ሜርኩሪውም ከእሱ ጋር ይበተናል። በትንሹ ጥምዝ አምፖል ውስጥ የሚኖረው ሜርኩሪ 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ በረጅሙ አሮጌ ዓይነት ውስጥ ይበልጣል። ከላይ ባደረግነው ስሌት 5 ሚሊግራም ማለት አንዲት ላም ጣሪያው ላይ ከደረሰ መኖ በአምስት ቀን የምትወስደው መጠን ነው። ከፊሉ ይተንናል፤ የቀረው ግን ገንዳ ውስጥ ነው። ላሞቹን አወጣን፤ በሮቹን ከፍተን ቆየን፤ ፉርሽካውን ሳናራግብ በካርቶን ቁራጭ ወደ ከረጢት ገፍተን አሰርነው፤ ገንዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለን ጨርቁንም አብረን አሰርነው። መጥረጊያ አልነካንም፤ መጥረጊያ ብናኙን ወደ አየር ያነሣዋልና። እሳቸው በኋላ አምፖሉን በኤልኢዲ ለወጡት፤ ኤልኢዲ ሜርኩሪ የለበትም። እኔ ብሆን አምፖሉን ከገንዳው አናት ጨርሶ ባነሣው እመርጥ ነበር።

ሦስተኛው የቆሻሻ መጣያ ነው፤ ይህ በተለይ የፍየል ጉዳይ ነው። የተሰበረ የሙቀት መለኪያ፣ ቁልፍ የምትመስለው ትንሽ ባትሪ፣ የተሰባበረ አምፖል፣ ይህ ሁሉ ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረው አመድ፣ ፍየል ከምትለቅምበት ቦታ ብዙ አይርቅም። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ሲተኛ ፍየሎች በአሸዋው ላይ የተጣለውን ሲያመነዥኩ ያላየ የድሬ ሰው የለም። የምትታለብ ፍየል ያለው ሰው ቢያንስ በምትታለብበት ወራት አስሮ መቀለብ ይኖርበታል። በዚሁ ቦታ ከሜርኩሪ ይልቅ እርሳስ ቶሎ ይገኛል፤ ከብት የተሰበረ የመኪና ባትሪ ይልሳልና። መከላከያው አንድ ስለሆነ ሁለቱን መለያየት አላስፈለገኝም።

የዓሣ ዱቄት በአብዛኛው የዶሮ መኖ ስለሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ ለእሱ 0.5 ሚሊግራም መሆኑ፣ ማለትም ከሌላው መኖ አምስት እጥፍ መፈቀዱ፣ ሜርኩሪ በዓሣ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከማች ያሳያል። በጃፓኗ ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታም ዓሣ በሚበሉ ድመቶች ላይ ታይቶ ነበር። የዶሮ መኖ ለሚታለብ ከብት አይሰጥ፤ ይኸው ነው።

የመጨረሻው በር ከመኖ ጋር አይገናኝም፤ ሰው ስለማያስበው ግን አልዘለውም። አንዳንድ የቆዳ ማንጫ ቅባቶች ሜርኩሪ አለባቸው፤ በማሸጊያቸው ላይ ካሎሜል፣ ሜርኩረስ ክሎራይድ ወይም ሜርኩሪ አዮዳይድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ጨርሶ ላይጻፍም ይችላል። እንዲህ ያለ ቅባት የተቀባ እጅ ጡቱን እየጎተተ ሲያልብ፣ ላሚቱ ያጣራችውን መርዝ ሰው በቀጥታ ማለቢያው ውስጥ ያስገባዋል። የሚያልብ ሰው የሚቀባውን ማወቅ፣ ከማለብ በፊትም እጁን በሳሙና ማስታጠብ፣ ከማንኛውም የመኖ ምርመራ ይቀድማል።

መኖ ሲገዛና ሲቀመጥ

ሜርኩሪ በመኖ ውስጥ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ስለዚህ በዓይን የሚያዘው አጃቢው ነው፦ ቀለም የነካው ፍሬ፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ ብር የሚመስል እንክብል። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ ማየት አይበቃም። ነጭ ጨርቅ ወይም ሰፌድ ላይ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች የተወሰደ እፍኝ ዘርግቶ በጠራራ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ ቀለም ያለው አንድ ፍሬ ከተገኘ ጆንያው በሙሉ ይመለሳል። ከዚያም ከእያንዳንዱ ግዢ ሁለት እፍኝ በንጹሕ ክዳናም ዕቃ አስቀምጦ፣ የተገዛበትን ቀንና ቦታ ጽፎ መለጠፍ ነው። ብዙ አርቢዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ነገር ግን ላሚቱ ከታመመች በኋላ ባለሙያው የሚጠይቀው ያን መኖ ነው፤ መኖው ደግሞ ተበልቶ አልቋል።

እዚህ ላይ ሚዛኑን ልጠብቅ። ገንዘቡ ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ አርቢ ቢጠይቀኝ፣ የተለየ ጥርጣሬ ከሌለው ለሜርኩሪ አትክፈል፤ ለአፍላቶክሲን ክፈል እለዋለሁ። በሻገተ ፋጉሎና በሻገተ ኦቾሎኒ ውስጥ የሚገኘው ይህ የሻጋታ መርዝ ከመኖ ወደ ወተት የሚያልፈው ከመቶ ከአንድ እስከ ስድስት እጅ ገደማ ነው፤ ከሜርኩሪ ብዙ እጥፍ ማለት ነው። ኦቾሎኒ በሚበቅልበት በእኛ አካባቢ የሻገተው ተለቅሞ ለከብት ሲሰጥ ዘወትር ይታያል። የሻገተው መኖ በተቋረጠ በጥቂት ቀናት ወተቱ ከአፍላቶክሲን ይጠራል፤ ሜርኩሪ ግን እንዲህ አይቸኩልም። በሰው ገላ ውስጥ ሜቲል ሜርኩሪ ወደ ግማሹ ለመውረድ 50 ቀን ገደማ ይወስድበታል፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ለተወጋች ላም እንደምንቆጥረው ሦስትና አራት ቀን ቆጥሮ ወደ ሽያጭ መመለስ አይቻልም።

ጥርጣሬ የገባ ቀን

ላሚቱ የታሸ ዘር መብላቷ ወይም ገንዳዋ መበከሉ ከታወቀ፣ ምልክት ሳይጠበቅ መኖው ዛሬውኑ ይነሣል፤ ግን አይጣልም፤ ታስሮ፣ «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበት ይቀመጣል። ወተቱ ይታለባል፤ ግቷ እንዳይታመም መታለብ አለባትና፤ ነገር ግን አይሸጥም፣ አይናጥም፣ ለጥጃም ለድመትም አይሰጥም። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ወተት የሚወስዱ ደንበኞች ካሉ በዚያው ቀን ይነገራቸው፤ ሜቲል ሜርኩሪ የእንግዴ ልጅን አልፎ ፅንሱን ይጎዳልና።

የላሚቱ ምልክት እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል። ጨው መሰሉ ሲሆን ምራቅ ማዝረብረብ፣ ተቅማጥ፣ ከመኖ መከልከልና የኩላሊት ጉዳት ይታያል። ሜቲሉ ሲሆን ዘግይቶ ይመጣል፤ እግሯ ይተሳሰራል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓይኗ እያየ ግድግዳ ትገጫለች። እነዚህ ምልክቶች ከእብድ ውሻ በሽታና ከእርሳስ መመረዝ ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ምራቅ የምታዝረበርብ ወይም የምትንገዳገድ ከብት አፍ ውስጥ ባዶ እጁን የሚያስገባ ሰው ራሱን ለሌላ አደጋ ያጋልጣል። ቦታው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ላሉ አርቢዎች በመካከል ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ የወረዳው ሐኪም ናሙናው የት እንደሚመረመር እንዲያጣራ ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ይገባዋል።

ናሙና ሲሰጥ መኖው ይቅደም፤ ከልዩ ልዩ የጆንያው ክፍል ተወስዶ የተደባለቀ አንድ ኪሎ ያህል፣ በንጹሕ ፕላስቲክ ታሽጎ። ሁለተኛው ደምና ሽንት ነው፤ ይህን የሚወስደው ሐኪሙ ነው። ወተት የሚመጣው ሦስተኛ ነው፤ እሱም ቤት ውስጥ በታጠበ የዘይት ጠርሙስ ሳይሆን ላቦራቶሪው ራሱ በሚሰጠው ዕቃ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ሜርኩሪ ከዕቃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ከፊሉም ይተንናል፤ በሙቀት ሁለት ቀን የቆየ ወተት ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። በበረዶ ተይዞ በዚያው ቀን ይድረስ። ከጭራዋ ጫፍ የተቆረጠ ፀጉርም ይጠቅማል፤ ፀጉር ሲያድግ መርዙን አብሮ ስለሚይዝ፣ የዛሬ ወተት የማይናገረውን የወራት ታሪክ ይይዛል።

ላሚቱ አትድንም ተብሎ ቢወሰን እንኳ ለሥጋ አትታረድ። ከምንም በላይ ሜርኩሪውን የሚያከማቹት ኩላሊትና ጉበት ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ጉበቱ ገና ሳይቀዘቅዝ በጥሬው የሚቀርበው ለቤቱ ትልቅ ሰውና ለእንግዳ ነው።